የሚያስቸግረው ተማሪና ስም ጠሪ መምህሩ

በመንግሥት ትምህርት ቤቶቻችን ስለ ተማሪዎች ስሜትና ባህርይ ውይይት በተነሣ ቁጥር ንግግሩ የሚያርፈው «የሥነ ልቦና ባለሙያ ይቀጠርልን» በሚል ጥያቄ ላይ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም በየስብሰባው የምደግፈው ነው። ይሁን እንጂ መደቡ ተፈቅዶ፣ በጀቱ ተይዞ፣ ባለሙያው ተቀጥሮ እስኪመጣ ድረስ ልጁ ዛሬ ጠዋትም ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። ባለሙያው ሲመጣም ከአንድ ሺህ በላይ ለሆነ ተማሪ አንድ ሰው ብቻ ይሆናል። ከዚህ ልጅ ጋር በየቀኑ የሚገናኘው፣ መቅረቱን የሚመዘግበው፣ ውጤቱን ደምሮ ደረጃውን የሚያወጣው፣ ወላጁን የሚያስጠራውና ካርዱን የሚፈርመው ስም ጠሪ መምህሩ ነው። እኔ በአዲስ አበባ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን ሳይንስ አስተምራለሁ፤ ለዓመታትም ስም ጠሪ ሆኜ ሠርቻለሁ። ከዚህ ሥራ የተረዳሁት ነገር፣ ለተማሪዎች የሚደረገው ማኅበራዊና ስሜታዊ ድጋፍ በመጀመሪያ የሚገኘው ስም ጠሪው ዘንድ እንደሆነ ነው። እኛ ግን ስም ጠሪነትን የመዝገብ ሥራ ብቻ አድርገን፣ ለመምህሩ ጊዜም፣ ዘዴም፣ የሚያማክረው ሰውም ሳንሰጠው ቆይተናል።

በትምህርት ቤት ቋንቋ «አስቸጋሪ» የሚባለው ልጅ የሚለየው በሚሰማው ድምፅና በሚታየው ድርጊት ነው፤ ይረብሻል፣ ይሳደባል፣ ይደባደባል፣ አጥር ዘሎ ይፎርፋል። ድርጊቱ የሚታየው ክፍል ውስጥ ቢሆንም መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ቦታ ነው። ከገጠር መጥታ ዘመድ ቤት የምትኖር፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥታ ቤት የምታጸዳ፣ ቁርስ የምታቀርብና የቤቱን ልጆች ለትምህርት የምታሰናዳ ልጅ፣ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ራሷን ዴስኩ ላይ ብትጥል «ሰነፍ» የሚል ስም ይወጣላታል። እናቱ ለቤት ሠራተኝነት ቤሩት ወይም ሪያድ ሄዳ ከአያቱ ጋር የሚያድግ ልጅ፣ እናቱ በኢሞ ሳትደውል በቀረችበት ሳምንት አጠገቡ ከተቀመጠው ሁሉ ጋር ይጣላል። በልጅነቱ ጆሮው ታሞ በአንድ በኩል የማይሰማ ልጅ፣ ሲጠሩት ባለመመለሱ መምህሩን እንደናቀ ይቆጠርበታል። በትምህርት መካከል ለአፍታ ዐይኑ ፈጥጦ የሚቀር ልጅ ሐሳቡ ሌላ ቦታ እንደሄደ ይነገርለታል፤ ይህ ግን አንዳንድ ጊዜ ሰውን መሬት ላይ የማይጥል የሚጥል በሽታ ዓይነት ሊሆን ይችላል። በሰሜኑ ጦርነት ወይም ከዚያ ወዲህ በተከተሉት ግጭቶች ምክንያት ከቀዬው ተፈናቅሎ የመጣ ልጅ ደግሞ በር በኃይል ሲዘጋ ወይም በበዓል ሰሞን ርችት ሲተኮስ ከወንበሩ ዘልሎ ይነሣል፤ ክፍሉ ሲስቅበት ደግሞ የሳቀውን ይመታል። በመዝገባችን ላይ የሚጻፈው የመጨረሻው ድርጊት ብቻ ነው፦ «ተማሪ መታ።»

ባህርይ ከኑሮ ጋር ምን ያህል እንደተሳሰረ ለመረዳት ለእኔ ከመጻሕፍት ይልቅ የበለጠ ያስተማረኝ የምገባው ነገር ነው። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የከተማው አስተዳደር ከ2012 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ ተማሪዎችን ቁርስና ምሳ መመገብ ያዘ። ከዚያ በፊት በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ተዝለፍልፎ የሚወድቅ ልጅ ማየት እንግዳ ነገር አልነበረም፤ ከዕረፍት በኋላ ባሉት ክፍለ ጊዜያት የነበረው ንትርክ፣ የጓደኛን ምሳ ዕቃ መክፈት፣ ከምሳ ሰዓት በኋላ አለመመለስ ሁሉ በ«ሥነ ምግባር ጉድለት» ስም ይመዘገብ ነበር። ምገባው ሲጀመር ግን ማንም ሳይመክራቸውና ሳይቀጣቸው ከነዚህ ጥፋቶች ብዙዎቹ ከመዝገቡ ጠፉ። ለካ ስንቀጣው የኖርነው ረሀብን ነበር። ምገባው የስሜት ድጋፍ መርሐ ግብር ተብሎ አልተጀመረም፤ በእኔ እይታ ግን በከተማችን እስካሁን ከተደረጉት የስሜት ድጋፎች ሁሉ የሚበልጥ ነው፤ ልጁን ከጓደኞቹ ፊት ከሚያሳፍር ድህነት በቀን ሁለት ጊዜ ያሳርፈዋልና።

ከለመድናቸው አሠራሮች ሁሉ ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባው «ወላጅ አምጣ» የሚለው ነው። በመሠረቱ መልካም ነገር ነው፤ ወላጅና መምህር ስለ ልጁ የሚመካከሩበት አጋጣሚ መሆን ይችላል። በተግባር ግን ልጁ ወላጁን ይዞ እስኪመጣ ድረስ ከክፍል ይወጣል። ሰው ቤት ልብስ እያጠበች የምታድር እናት ወይም የቀን ሥራ የሚሠራ አባት አንድ ጠዋት ከሥራ ቢቀሩ የዚያን ቀን ገቢ ያጣሉ፤ ስለዚህ ልጁ ቤት ገብቶ ወሬውን ለመናገር ይፈራል። እናቱ ዓረብ ሀገር ያለችበት፣ አያቱ ደረጃ መውጣት የማትችልበት ልጅ ማንን ያምጣ? በከተማ የተማረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፦ ልጁ ከመንገድ ላይ አንዱን ሰው ለምኖ፣ ወይም ጥቂት ብር ሰጥቶ «አጎቴ ነው» ብሎ ያመጣል። «አጎት» ተብዬውም ዩኒት ሊደሩ (የተማሪዎችን ሥነ ምግባር የሚከታተለው ኃላፊ) ፊት ቆሞ ልጁን ይቆጣል፣ ዳግመኛ እንደማይለምደው ቃል ይገባል፣ ይፈርማል፤ ጉዳዩም ተፈጸመ ተብሎ ይዘጋል። ይህ ሁሉ ሲሆን ልጁ የተማረው ቢኖር ትልልቅ ሰዎች የሚፈልጉት ፊርማ እንጂ እውነቱን እንዳልሆነ ነው። ያንን እንኳ ማድረግ ያልቻለው ደግሞ ቀናትን ውጭ ያሳልፋል፤ ሲመለስ ትምህርቱ አልፎታል፤ ያለፈው ትምህርት ስለማይገባው እንደገና ይረብሻል።

ስለዚህ ወላጅን ማስጠራት ይቅር አልልም፤ አካሄዱ ይለወጥ ነው የምለው። በመጀመሪያ፣ ልጁን ከክፍል አስወጥቶ መልእክተኛ ማድረግ ሳያስፈልግ መምህሩ ራሱ ይደውል። ሁለተኛው ነገር ከዚህም ይበልጣል፦ ለወላጅ የሚደረገው የመጀመሪያው ጥሪ ስለ ጥፋት አይሁን። በጥቅምት ወር፣ ገና ምንም ሳይበላሽ፣ ያስቸግራሉ ተብለው ከባለፈው ዓመት ስማቸው የተወራባቸውን ልጆች ወላጆች እየደወልኩ አንድ መልካም ነገር መንገር ልማድ አድርጌያለሁ። ለአንድ አያት ስደውል «እንደምን ዋሉ እማማ፣ የልጁ ስም ጠሪ ነኝ» ገና ከማለቴ «ምን አጠፋ ደግሞ፣ ልጄ?» አሉኝ። «ምንም አላጠፋም፤ ዛሬ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ የሰውን የምግብ መፍጫ ሥርዓት ሥዕል ከሁሉም አሳምሮ ስለሳለ ልነግርዎት ነው» ስላቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው፣ ከዚያ በኋላ ረጅም ምርቃት መረቁኝ። ከወራት በኋላ ልጁ ተደባድቦ ስደውልላቸው እኒያ አያት ሊከላከሉም ሊሸሹም አልሞከሩም፤ በዚያ ሰሞን ቤታቸው ምን እንደደረሰ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። መምህር ስለ ልጁ ቤት ማወቅ የሚችለው ወላጁ ሲያምነው ነው፤ እምነቱ ደግሞ ክስ ከመምጣቱ በፊት መሠራት አለበት።

ስለ ቅጣት ሲነሣ ሕጉ ግልጽ ነው። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ አጽድቃለች፤ በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት እና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ሆኖም ኩርኩሙ፣ ቁንጥጫው፣ ጠጠር ላይ ማንበርከኩ እና የውኃ ጎማው ከትምህርት ቤቶቻችን ጨርሶ አልጠፋም፤ «ግረፉልኝ» ብሎ የሚመጣ ወላጅም አልጠፋም። የሚመታውን መምህር ክፉ ነው ለማለት አይደለም። 60 ልጅ ባለበት ክፍል በቀን አምስትና ስድስት ክፍለ ጊዜ ቆሞ የሚጮኽ፣ ድምፁ የተዘጋ፣ የቤት ኪራይ ያስጨነቀው ሰው በእጁ ያለውን ፈጣን መሣሪያ ያነሣል። ዱላው ክፍሉን ለዚያ ክፍለ ጊዜ ጸጥ ያደርገዋል፤ ለዚህም ነው የሚሠራ የሚመስለው። ልጁ ግን የሚቀጥለውን ጥፋት ከመምህሩ ሰውሮ መሥራትን ይለምዳል፤ ችግር ሲደርስበት ሊናገርለት የሚችለውን ሰውም ያጣል። በቤቱ የሚደበደብ ልጅ ከሆነ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ከቤቱ የሚለይበት ነገር አይኖርም።

ከዱላ ይልቅ ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «መምከር» ነው፤ ይህም ብቻውን በቂ አይደለም። ጄኮብ ኩኒን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ክፍላቸውን በደንብ የሚመሩና የማይመሩ መምህራንን አነጻጽሮ በ1970 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሥራ ላይ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ረብሻ ከተነሣ በኋላ በሚወስዱት እርምጃ ላይ እንዳልሆነ አሳይቷል። ጎበዞቹ የሚለዩት ክፍሉን ሁሉ በዐይናቸው በመያዛቸው፣ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ሲሸጋገሩ ክፍተት ባለመተዋቸውና ረብሻው ገና ሲጠነሰስ በማየታቸው ነበር። በእኛ ክፍሎች ትልቁ ክፍተት አንድ መምህር ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ያለው ጊዜ ነው፤ በእኔ ክፍል ከተነሡት ድብድቦች አብዛኞቹ የተነሡት በዚያ ሰዓት ነው። ቀጣዩ መምህር ደወሉ ሲደወል በሩ ላይ ቢገኝ፣ ሰሌዳው ላይም የሚሠራ አንድ ጥያቄ አስቀድሞ ቢጻፍ፣ ያለ ምንም ወጪ ብዙ ጠብ ይቀራል።

ተማሪ ለበዛበት ክፍል ይሆናል ብዬ የማምንበት ሌላው ዘዴ «የመልካም ባህርይ ጨዋታ» ሊባል የሚችለው ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በካንሳስ ግዛት አንዲት የአራተኛ ክፍል መምህርት ከተመራማሪዎች ጋር ሆና የጀመረችው ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ክፍሉ በቡድን ይከፈላል፤ ጥቂት ሕጎች ይነገራሉ፤ ሕግ በተጣሰ ቁጥር ሰሌዳው ላይ ለዚያ ቡድን አንድ ጭረት ይሰመራል፤ ጭረቱ ከተወሰነ ቁጥር ያላለፈ ቡድን ሁሉ ያሸንፋል። ሁሉም ቡድን በአንድ ጊዜ ማሸነፍ ይችላል፤ ስለዚህ አንዱ ቡድን እንዲያሸንፍ ሌላው መሸነፍ የለበትም። ቆየት ብሎም በ1980ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. በባልቲሞር ከተማ የአንደኛ ክፍል ልጆች ይህን ጨዋታ እንዲጫወቱ ተደርጎ፣ ተመራማሪዎች እነዚያኑ ልጆች ወጣት እስኪሆኑ ድረስ ተከታትለዋቸዋል። በተለይ በልጅነታቸው ተደባዳቢ ከነበሩት ወንዶች መካከል፣ ጨዋታውን የተጫወቱት ካልተጫወቱት ይልቅ በአደንዛዥ ዕፅና በወንጀል ነክ ባህርይ የመጠመዳቸው ዕድል ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። አንድ መምህር ከትምህርቱ ሳይወጣ የሚያደርገው ነገር እስከዚያ ድረስ መድረሱ ያስደንቀኛል።

እኔ በክፍሌ ስጠቀምበት በረድፍ ነው የምከፍለው፤ ዴስኮቹ ለሦስት ሰው የተሠሩና ከባድ ስለሆኑ ማንቀሳቀስ አያስፈልግም። ሕጎቹን ልጆቹ ራሳቸው እንዲያወጡ አደርጋለሁ፤ «ጓደኛን አለመሳደብ» የሚለውን ሁልጊዜ እነሱ ናቸው የሚጨምሩት። መጀመሪያ ላይ ለ10 ደቂቃ ብቻ፣ ሥራ በሚሠሩበት ሰዓት እንጫወታለን፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ይረዝማል። ሽልማቱ ገንዘብ አይፈልግም፦ ቀድሞ ለዕረፍት መውጣት፣ የመጨረሻውን አምስት ደቂቃ በተረትና ምሳሌ ወይም በእንቆቅልሽ ማሳለፍ፣ የረድፉን ስም በሚኒ ሚዲያ (በትምህርት ቤቱ ድምፅ ማጉያ) ማስነገር። ምገባን ግን በሽልማትነትም ሆነ በቅጣትነት ማንም እንዲነካ አልፈልግም፤ ምግብ የልጁ መብት ነው። ጥንቃቄ የሚያሻው አንድ ነገር አለ። በአንድ ልጅ ጥፋት ቡድኑ ሁሉ ጭረት ሲያገኝ ጓደኞቹ በዕረፍት ሰዓት ያን ልጅ ሊበድሉት ይችላሉ። በካንሳሱ ክፍልም ሁለት ልጆች አንጫወትም ብለው ቡድናቸውን ሆን ብለው ሲጎዱ የእነሱ ነጥብ ከቡድኑ ተለይቶ እንዲቆጠር ተደርጎ ነበር፤ እኛም እንዲሁ ማድረግ እንችላለን። እንዲህ ያለው ልጅ ከጨዋታው በላይ የሆነ፣ ለብቻው የሚደረግ እርዳታ እንደሚያስፈልገው ምልክት እየሰጠን ነው።

ሁለት ልጆች ሲጣሉም የለመድነው አካሄድ መስተካከል ያለበት ይመስለኛል። ዩኒት ሊደሩ ቢሮ አስገብተን «በሉ ተጨባበጡ፣ ተሳሳሙ» ብለን በአንድ ደቂቃ ውስጥ እናስታርቃቸዋለን። ሽምግልና በሀገራችን እንዲህ አይደለም፤ ሽማግሌ ሁለቱንም ወገን ለየብቻ ይሰማል፣ የተበደለው በደሉን እስኪጨርስ ይጠብቃል፣ ካሣውን ይወስናል፣ ከዕርቁ በኋላም ይከታተላል። ይህን ባህል ልጆቹ ከሰፈራቸው ያውቁታል። ከክፍሉ መካከል የሚከበሩ ሁለት ልጆችን፣ ቢቻል አንዲት ሴትና አንድ ወንድ፣ ሽማግሌ አድርጎ መምህሩ አጠገባቸው ተቀምጦ ቢያዳምጥ፣ የተቀደደው ደብተር በምን እንደሚተካ፣ የተሰደበው ልጅ በማን ፊት ይቅርታ እንደሚጠየቅ እነሱ በሚገባ ይወስናሉ። ጊዜ ይወስዳል። ጠቡ ግን በማግሥቱ ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ አይቀጥልም።

እስካሁን የተናገርኩት ስለሚታዩት ልጆች ነው። ይበልጥ የሚያሳስቡኝ የማይታዩት ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በዓለም ደረጃ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ዓመት ከሆኑ ሰባት ልጆች መካከል አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። ይህ መጠን በአንድ 60 ተማሪ ባለበት ክፍል ቢሆን ስምንት ወይም ዘጠኝ ልጅ ማለት ነው፤ የሚረብሹት ግን ሦስት ወይም አራት ናቸው። የቀሩት ዝም ብለው ተቀምጠዋል። በድንገት ከጓደኞቿ ተለይታ ብቻዋን መቀመጥ የጀመረች ልጅ፣ ጥሩ ይጽፍ የነበረ አሁን ግን ባዶ ወረቀት የሚያስረክብ ልጅ፣ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ሁልጊዜ «አሞኛል» የሚል ልጅ በሥነ ምግባር መዝገብ ላይ አይገኙም፤ እንዲያውም «ጨዋ» ተብለው ይመሰገናሉ። በ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ከሆኑ ወዲህ ደግሞ ተስፋ መቁረጡ ወደ ታች ክፍሎች ወርዷል፤ ወድቆ ቤት የተቀመጠ ታላቅ ወንድም ያለው የ8ኛ ክፍል ተማሪ «ተምሬስ?» ሲል እሰማለሁ።

እንዲህ ያለውን ልጅ ማነጋገር ራሱ ጥበብ ይጠይቃል። በባህላችን ትልቅ ሰው ታናሹን «ለምን?» ሲለው ልጁ መልስ አይጠበቅበትም፤ አንገቱን ደፍቶ መሬት ያያል። ይህ አክብሮት ነው፤ እንደ ጥፋተኝነት ምልክት ወይም እንደ እልኸኝነት መቁጠር ልጁን መበደል ነው። ቢሮ ጠርቶ ፊት ለፊት አስቁሞ መጠየቅም ልጁን ችሎት ፊት እንደቀረበ ያስቆጥረዋል። እኔ የሚቀናኝ ደብተር ማሸከም ነው። «እነዚህን ደብተሮች ይዘሽ ተከተይኝ» ብዬ ከክፍል እስከ መምህራን ማረፊያ ጎን ለጎን ስንሄድ፣ ስለ ደብተሩ፣ ስለ ሰፈሯ፣ ስለ ታናናሾቿ እያነሣን እንጨዋወታለን። በመጀመሪያው ቀን ምንም አትናገርም። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን፣ ልትመለስ ስትል ዞር ብላ አንድ ነገር ትናገራለች፤ ዋናው ነገር እሱ ነው። ያን ጊዜ መምህሩ ማድረግ ያለበት መስማት፣ አለመደናገጥ፣ ለመምከር አለመቸኮል እና «ለማንም አልናገርም» የሚል ሊጠብቀው የማይችል ቃል አለመግባት ነው። ልጅቷ ጉዳት ላይ ካለች መናገር ግዴታው ነውና፣ «የሚረዳሽ ሰው ጋ አብረን እንሄዳለን» ቢላት ይበልጣል። የነገረችውንም ለሻይ በተሰበሰቡ መምህራን መካከል ማንሣት ክህደት ነው፤ ይህን በጣም አጥብቄ እናገራለሁ፤ በአንድ የሻይ ሰዓት የተወራ ምስጢር ልጁ ጆሮ ለመድረስ አንድ ቀን አይፈጅበትም።

ከመምህር አቅም በላይ የሆነውን ነገር ለይቶ ማወቅም የሥራው አካል ነው። የወሲብ ጥቃት የደረሰባት ወይም የደረሰበት ልጅ ሲያጋጥም ጉዳዩ በሽምግልና ወይም በወላጅ ስብሰባ የሚያልቅ አይደለም፤ ልብስ ሳይለወጥና ገላ ሳይታጠብ በፍጥነት ወደ ሕክምና መሄድ፣ ለፖሊስም ማሳወቅ ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ የሥነ ልቦና ድጋፉንና የፖሊስ ምርመራውን በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል መኖሩን እያንዳንዱ ስም ጠሪ ማወቅ አለበት። ልጅ ራሱን ስለ መጉዳት ከተናገረ፣ በቀልድ መልክ ቢሆንም እንኳ፣ ያን ቀን ብቻውን ወደ ቤት አይላክም።

ወላጅን ወደ ሕክምና መምራት ግን ቀላል አይደለም። «የአእምሮ ሐኪም ይየው» ሲባል ብዙ ወላጅ ጆሮው ላይ የሚያቃጭለው የአማኑኤል ሆስፒታል ስም ነው፤ ልጄን ዕብድ አሉብኝ ብሎ ከትምህርት ቤቱ የሚያስወጣም አለ። ስለዚህ ከሚቀለው መጀመር ይሻላል፦ ዐይኑ ይታይ፣ ጆሮው ይመርመር፣ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ወላጅ ልጁን ጠበል ይዞ ከሄደ ወይም ዱዓ ካስደረገ መምህር በዚያ ላይ መከራከር የለበትም፤ ከተከራከረ ወላጁ ሁለተኛ አይመጣም። «ጠበሉንም ይቀጥሉ፣ ሐኪምም ይየው፤ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ግን እንዳያቋርጡ» ሲባል ሁለቱም መንገድ ክፍት ይሆናል። በተለይ የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ መድኃኒቱን በድንገት ቢያቆም ሕመሙ ስለሚበረታ ይህን አስረግጦ መናገር ይገባል። ኦቲዝምን በተመለከተ ደግሞ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሥርተው፣ ስለ ልጃቸው በአደባባይ ደፍረው በመናገራቸው ብዙ እናቶች ከቤት ደብቀዋቸው የነበሩ ልጆቻቸውን ይዘው ወጥተዋል። ወላጅን ለማሳመን ከማንኛውም ማብራሪያ ይልቅ ሌላ ወላጅ ማናገሩ ይበልጥ ይሠራል፤ ወላጅ መምህር ኅብረቱ እንዲህ ያሉ ወላጆችን ለማገናኘት ቢውል ከመዋጮ መሰብሰብ የተሻለ ሥራ ይሆንለታል።

ይህን ሁሉ ስም ጠሪው መቼ ያድርገው? በሳምንት ከ20 የሚበልጥ ክፍለ ጊዜ ያስተምራል፤ ስም ጠሪነቱ በዚያ ላይ የሚጨመር እንጂ የሚቀነስለት ነገር አይደለም። በደንቡ መሠረት በአንድ ክፍል የመጀመሪያ ደረጃ ከ50፣ የሁለተኛ ደረጃ ከ40 ተማሪ መብለጥ ባይኖርበትም በብዙ ቦታ ይበልጣል። በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው ሥርዓተ ትምህርት ግብረ ገብ ወደ ታችኛው ክፍሎች መመለሱን በደስታ ነው የተቀበልኩት፤ ነገር ግን ልጆች መከባበርን ከመማሪያ መጽሐፉ ይልቅ መምህሩ ሲናደድ ከሚያደርገው ነገር ነው የሚማሩት፤ ስለዚህ መምህሩ ትንፋሽ የሚያገኝበት ጊዜ የትምህርቱ አካል ነው። ርዕሳነ መምህራንን የምጠይቀው አዲስ በጀት አይደለም። የክፍለ ጊዜ ድልድል ሲወጣ ለስም ጠሪዎች ሁለት ክፍለ ጊዜ ይቀነስላቸው፤ አንዱ ከክፍላቸው ጋር የሚቀመጡበት፣ ሌላው ለወላጅ የሚደውሉበትና ልጆችን ለብቻ የሚያነጋግሩበት ይሁን። በወር አንድ ጊዜም ስም ጠሪዎች ተሰብስበው ስለ ሁለት ወይም ስለ ሦስት ልጆች ብቻ ይመካከሩ፤ የሥነ ልቦና ባለሙያ ያለበት ትምህርት ቤት ከሆነ ባለሙያው ልጆቹን አንድ በአንድ ከመጠበቅ ይልቅ ይህን ምክክር ይምራ።

በመጨረሻ የማነሣው በየዓመቱ የምናባክነውን ነገር ነው። አንድ ስም ጠሪ ልጁን ለማወቅ ዓመቱን ሙሉ ይደክማል፤ በሰኔ ካርድ ሰጥቶ ይለያያሉ፤ በመስከረም አዲሱ ስም ጠሪ የሚደርሰው የስም ዝርዝርና ውጤት ብቻ ነው። ልጁም የማይሰማ ጆሮው የትኛው እንደሆነ፣ ርችት ለምን እንደሚያስደነግጠው፣ ስልክ መደወል ያለበት ለአያቱ እንደሆነ እንደገና ከመጀመሪያው እስኪታወቅለት ድረስ ሌላ ግማሽ ዓመት በ«አስቸጋሪ»ነት ያሳልፋል። መምህራን ለምዝገባ በሚገቡበት በነሐሴ መጨረሻ፣ የቀድሞውና አዲሱ ስም ጠሪ ለአንድ ሰዓት ተቀምጠው ቢነጋገሩ ይህ ይቀራል። የሚተላለፈው ነገር ሦስት ነው፦ ልጁ በምን ይጎብዛል፣ ምን ያስቸግረዋል፣ ከቤቱ ሰው ለማን ይደወል። ልጁ በምስጢር የተናገረው ነገር፣ የወላጆቹ ጠብ፣ ያለፈው ዓመት የጥፋት ዝርዝር ወረቀት ላይ አይሰፍርም። ንግግሩም ከመጀመሪያው ጥያቄ ይጀምር፤ አዲሱ መምህር ስለ ልጁ በመጀመሪያ የሚሰማው የሚጎብዝበትን ይሁን።